ከቆሼ እስከ አሚባራ፦ በአፈር ምርመራ ወረቀት ላይ የሌሉት

በክረምት ከአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሼ ክምር ግርጌ ጥቁር ውኃ ይወጣል። ዝናቡ ከላይ ሰርጎ የበሰበሰውን ጎመን፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ የቀለም ቆርቆሮውንና የመድኃኒት ብልቃጡን እያጠበ ይወርድና ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይቀላቀላል። ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ምዕራብና ደቡብ አካልሎ አባ ሳሙኤል ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ወዲያ መድረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ቆቃ ላይ አረፍ ብሎ፣ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ ማሳዎች በኩል አልፎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አሚባራ ሲደርስ የመስኖ በር ይከፈትለትና ጥጥ ያጠጣል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ቆሼ ጥጡን እየመረዘ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በመካከሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር፣ ደለል የሚያስቀር ትልቅ ግድብ፣ የቆዳና የሌላም ፋብሪካ ፍሳሽ አለ፤ ጥፋቱን ሁሉ ቆሼ ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሁለቱን ቦታዎች አንድ ላይ ለማየት ከመርዙ ይልቅ ምግቡን መከተል ይበጃል። አዲስ አበባ በየቀኑ አስጭና ቆሼ የምታራግፈው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ የቡና አተላ፣ የከብት ፈርስ። የአሚባራ አፈር የተራበው ይህንኑ ነው። በሁለቱም ቦታ የተጎዳው ደግሞ በመካከል ሆኖ የሚበሰብሰውን ወደ አፈር የሚያሸጋግረው የጥቃቅን እንስሳት መንጋ ነው፤ ምስጡ፣ ጉንዳኑ፣ የመሬት ትሉ፣ ጥንዚዛው፣ ሺህ እግሩ፣ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታየው ኔማቶድ። አገሪቱ ስለ አፈሯ በምትሞላው ወረቀት ላይ እነዚህ ነዋሪዎች የሚመዘገቡበት ቦታ የለም። መኖር ነበረበት።

ቆሼ፣ በመንግሥት ወረቀት ረጲ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ከአየር ጤናና ከዘነበወርቅ ብዙም ሳይርቅ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ቦታ ነው። 36 ሄክታር ገደማ የሚሆነው ይህ መሬት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ብቸኛ መጣያ ሆኖ ተራራ አበቀለ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ተከፍቶ ጭነቱ ወደዚያ ዞሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ሲበረታ በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናው ሁሉ ተመልሶ ቆሼ ገባ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ከሥሩ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ከክምሩ አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበው የረጲ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን እርጥብ ነው፤ እርጥብ የኩሽና ተረፈ ምርት ሲቃጠል የሙቀቱ ብዙ እጅ አስቀድሞ ውኃውን ለማትነን ይውላል።

ክምሩን ከላይ ወደ ታች ብንቆርጠው ምን ይታያል?

የላይኛው ስንዝር በሕይወት የተሞላ ነው። ትናንት የተራገፈ ቲማቲም ላይ የዝንብ እጭ ይርመሰመሳል፤ ጥንዚዛ እጩን ይበላል፤ ጉንዳን ፍርፋሪውን ይሸከማል፤ አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ በላይ ያንዣብባሉ፤ ለቃሚዎቹም በመንጠቆ ሃይላንዱን፣ ብረቱንና ጨርቁን ይለያሉ። ዶዘሩ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይዳመጣል፤ በላዩ ሌላ ጭነት ይከመርበታል። ፌስታሉ በየደረጃው ተነባብሮ ለውኃም ለአየርም መተላለፊያ ይዘጋል። ነፍሳቱ ያለ ኦክስጅን አይኖሩምና ጠለቅ ሲባል አንዳቸውም አይተርፉም። የሚቀሩት ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ቀስ ብለው ሠርተው ሚቴን ጋዝ ያወጣሉ። ቆሼ በበጋ ሲጨስ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጋዝ ነው።

ዊልያም ራትጂ የተባለው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ተማሪዎቹን አሰልፎ ቆሻሻ ሲመረምር ኖሯል። በኋላ የአሜሪካን የቆሻሻ መቀበሪያዎች ሲያስቆፍር ከአሥርታት በፊት የተጣለ ጋዜጣ ቀኑ እየተነበበ፣ ቋሊማም ቅርጹን ሳይለቅ ወጣለት። ቆሼ ከእነዚያ መቀበሪያዎች ይልቅ እርጥብ ስለሆነ ብስበሳው ይፈጥን ይሆናል። ያም ሆኖ አየርና እንስሳ ያልገባበት ክምር ሃምሳ ዓመት ቢቆይም አፈር አይወጣውም።

ከአደጋው በኋላ ዩኤን ሐቢታት ከጃፓን ጋር ሆኖ ቆሼ ላይ የሠራበት ዘዴ ይህንኑ ችግር የሚነካ ነው። የፉኩዎካ ዘዴ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፉኩዎካ ዩኒቨርሲቲና ከተማዋ አብረው ያዳበሩት። ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ድንጋይ እየተደገፈ በክምሩ ሥር ይዘረጋል፤ ጥቁሩ ውኃ በቧንቧው ይወጣል፤ ክምሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በዚያው ቧንቧ ከውጭ አየር ይስባል። ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ብስበሳው ይፈጥናል፣ ተዳፋቱም ይረጋል። ውድ ማሽን አይጠይቅም። በቆሼ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ብዙም ያልተወራለት ይኸው መሆኑ አያስገርምም፤ ጭስ ማውጫ ያለው ሕንፃ ለፎቶ ይመቻል፣ የተቀበረ ቧንቧ አይመችም።

አየር ከገባ በኋላ ሥራው የማን ነው? ኬሚስትሪውን የሚሠሩት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። እነሱ ግን እግር የላቸውም፤ የደረቀ ግንድ መስበርም አይችሉም። ምስጥና ሺህ እግር ቅጠሉንና እንጨቱን ያደቃሉ፤ በደቀቀ ቁጥር ፈንገሱ የሚይዘው ገጽ ይሰፋል። የመሬት ትል ቅጠሉን ከአፈር ጋር በአንጀቱ አዋሕዶ ያወጣል፤ መተላለፊያውም ውኃና አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ኮሌምቦላ የሚባሉ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ፣ ከሆዳቸው ሥር የታጠፈችውን ጭራ አስፈንጥረው የሚዘሉ ፍጥረታት ፈንገሱን እየጋጡ እንዲታደስ ያደርጉታል። ቻርልስ ዳርዊን በመጨረሻው መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ የመሬት ትሎች በብዙ የእንግሊዝ ቦታዎች በዓመት በአንድ ኤከር ከ10 ቶን በላይ አፈር በሰውነታቸው አሳልፈው ወደ ላይ እንደሚያወጡ አስልቶ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ምድር ላይ ካሉት እንስሳት በቁጥር ከአምስት አራቱ ኔማቶድ ናቸው ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ግምትም ከዓለም ዝርያዎች 59 በመቶ ያህሉ ኑሯቸው ከአፈር ጋር የተያያዘ ነው ብሏል።

አሁን ወደ ጥጡ።

አሚባራ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአገሪቱ የጥጥ ምርምር መናኸሪያ ሆኖ የቆየው ወረር የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ላይ። ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ፀሐይዋ ልታተነው የምትችለው ውኃ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1962 ከተቋቋመ በኋላ ሰፋፊ እርሻዎች በወንዙ ዳርቻ ተዘረጉ፤ በታችኛው አዋሽ ተንዳሆን የሚቸል ኮትስ ኩባንያ ይዞት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሁሉም የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ጥጡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለቤት ቀያይሯል፤ ዱብቲ አካባቢ ለሸንኮራ ቦታውን ለቋል፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአሚባራም የበጋ መስኖ ስንዴ ተተክሎበታል።

ደረቅ ምድር መስኖ ሲያገኝ በመሠረቱ ለአፈር እንስሳት ሲሳይ መሆን ነበረበት። ውኃ አለ፣ ሥር አለ፣ ጥላ አለ። አሚባራን በመሰለ ሞቃት ቆላ የመሬት ትል ድርሻ ትንሽ ነው፤ የእርሱን ሥራ ምስጥና ጉንዳን ይረከባሉ። ጥቁሩ የሸክላ አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ነፍሳቱ በዚያ ወርደው እርጥበት ይከተላሉ። ታዲያ ይህን ሲሳይ የሚያስቀርባቸው ምንድን ነው?

አንደኛው ውኃው ራሱ ነው። በቦይ የሚለቀቅ ጎርፍ ማሳውን ሲያጥለቀልቅ የሸክላው አፈር ያብጣል፤ ስንጥቁና ቀዳዳው ይደፈናል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ለቀናት አየር ያጣል። ከዚያ ደግሞ በሚቀጥለው ተራ ውኃ እስኪመጣ ይደርቃል። እንዲህ ያለውን መፈራረቅ የሚችሉት ጠልቀው የሚቆፍሩ ወይም እንቁላላቸው ድርቅ የሚቋቋም ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ግንዱ ነው። ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ግንዱ ተነቅሎ እንዲቃጠል የሚመከርበት በቂ ምክንያት አለ፤ በፍሬው ውስጥ የሚደበቀው ሮዝ ትል ከወቅት ወደ ወቅት እንዳይሻገር ነው። ለምርቱ ጥሩ ነው። ለአፈሩ ግን የዓመቱ ቀለብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጭስ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ትራክተሩ ያርሳል፤ ማሳው እስከሚቀጥለው ዘር ድረስ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው፤ በገበሬው አጠራር መርዝም መድኃኒትም ያው «መድኃኒት» ነው። የመንግሥት እርሻዎቹ ዘመን የጥጥ ፍሬ የሚበላውን ጓይ ትል ለመከላከል በአውሮፕላን ሳይቀር የሚረጭበት ዘመን ነበር። ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን አዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካ በአገር ውስጥ ይዘጋጁ ነበር። ዲዲቲ ቢበላሽ እንኳ ዲዲኢ ሆኖ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ይቆያል። ኢንዶሰልፋን በስቶክሆልም ስምምነት የታገደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከየእርሻውና ከየመጋዘኑ የተገኘው ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል አገሪቱን በአፍሪካ ብዙ ክምችት ካላቸው ተርታ አስቀምጧት፣ ከ1,000 ቶን በላዩ ተለቅሞና ታሽጎ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጥሏል። በመጋዘን የተገኘው እንዲህ ተጫነ፤ ማሳ ላይ የተረጨው ግን የሚለቀም አይደለም።

የርጭቱ ጣጣ በደንብ የተጻፈው ጎረቤት አገር ሱዳን ውስጥ ነው። በጌዚራ የመስኖ ጥጥ ርጭቱ ከዓመት ዓመት ሲጨምር የነጭ ዝንብን ጠላቶች ጨረሰ፤ ነጭ ዝንቡም ያለ ጠላት ተራባ፤ ከእሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን አጣብቆ በዓለም ገበያ ስሙን አጠፋው። በመካከለኛው አዋሽም ነጭ ዝንብ ከዋነኞቹ የጥጥ ጠላቶች አንዱ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ጓይ ትል የሕይወቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው አፈር ውስጥ ነው። ትሉ ፍሬውን በልቶ ሲጠግብ ከተክሉ ይወርድና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል፤ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ከጣት አንጓ የማይበልጥ፣ መሮጥም መናከስም የማይችል። በዚያ ሁኔታ ለጉንዳን፣ መሬት ላይ ለሚሮጡ ጥቁር ጥንዚዛዎችና ለአንዳንድ ኔማቶዶች የቀረበ ምግብ ነው። ትሪፕስ የሚባለው ቅጠል መጣጭም ከአዋቂነቱ በፊት አፈር ውስጥ ይሰነብታል። ቅጠሉ ላይ ያለውን ትል ለመግደል የተረጨው መድኃኒት ወደ መሬት ሲንጠባጠብ የሚገድለው ሙሽሬውን የሚበላውን ጉንዳን ነው። ገበሬው ለአንድ ተባይ ሁለቴ ይከፍላል።

አራተኛው ጨው ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ማፋሰሻ ሳይኖረው የሚጠጣ መሬት የከርሰ ምድር ውኃውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ውኃው ሲተን ጨዉ ይቀራል። በአሚባራና በመልካ ሳዲ ሰፊ የመስኖ መሬት በዚህ ምክንያት ተጥሏል፤ ነጭ ሆኖ፣ አንዳንዱም በፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ተውጦ። በእርጥብ ቆዳው የሚተነፍስ ትል ጨዋማ አፈር ውስጥ ሲሆን ውኃው ከሰውነቱ ይሸሻል። ጨዉን ለማጠብ ብዙ ውኃ ይለቀቃል፤ ውኃው ግን በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ የሚወርድበት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀዳዳውን ደግሞ የሚሠሩት አስቀድመው የሞቱት ናቸው። ችግሩ ራሱን የሚመግበው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ ጫፍ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከእንግሊዙ አቻው ጋር ሆኖ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአነስተኛ የጥጥ ገበሬዎች አንድ በአውስትራሊያ የተፈጠረ ዘዴ አስተምሯል። ከበቆሎና ከመሳሰለው የሚዘጋጅ የምግብ ውሕድ ጥጡ ላይ ይረጫል። ጠረኑ ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛና ሌሎችንም አዳኝ ነፍሳት ይጠራል፤ እነሱም ክሽክሹንና የጓይ ትሉን እንቁላል ይበላሉ። ገበሬዎቹ በየሳምንቱ ማሳ ወርደው ጠላቱንና ወዳጁን ለይተው ይቆጥራሉ፤ መርጨት አለመርጨታቸውን የሚወስኑት በቁጥሩ ነው። ከእነዚህ ገበሬዎች የሸሌ ሜላ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ2018 ለኦርጋኒክ ጥጥ የምስክር ወረቀት በቅተዋል።

የዚህ ዘዴ ዋና ትምህርት በቆሎው አይመስልም። ማንበብ የሚቸግረው ገበሬ ሳይቀር ነፍሳትን ለይቶ መቁጠርና በዚያ ላይ ተመሥርቶ መወሰን መቻሉ ነው። ቆጠራው ግን ቅጠሉ ላይ ያቆማል። ከጉልበት በታች፣ ከአፈሩ ውስጥ ያለው አይታይም። በዚያው ዓመት፣ 2018፣ የተፈቀደው፣ ከሕንድ የመጣ ዘረመሉ የተለወጠ የቢቲ ጥጥም ክርክሩን ወደ ዘረመሉ ወሰደው። ቢቲ የተሠራው ጓይ ትልን ለመሰሉ ትሎች እንጂ ለነጭ ዝንብና ለክሽክሽ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች በአፈር እንስሳት ላይ ጎላ ያለና ወጥ የሆነ ጉዳት አላገኙበትም። ለአፈሩ ነዋሪ ወሳኙ ጥያቄ ከዘሩ ጋር የትኛው ርጭት ይቀራል፣ የትኛው ይቀጥላል የሚለው ነው።

ምስጥ ሲነሣ የኢትዮጵያ ገበሬ ፊቱን ማጥቆሩ እውነት ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲ በኩል፣ ቤት አፍርሶ ሰብልና ግጦሽ የጨረሰ ጠላት ነው፤ ኩይሳውን በአልድሪን የመመረዝ ዘመቻ ተደርጎበታል። ጥጥንም ቢሆን ድርቅ ሲጠና ከሥሩ ይቆርጣል። አፈር ውስጥ ያለ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ሥር የሚያሳብጥ ኔማቶድ አለ፣ ችግኝ የሚቆርጥ ትል አለ። ነገር ግን በምዕራብ አውስትራሊያ ደረቅ የስንዴ ማሳ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ጉንዳንና ምስጥ ያልተገደሉበት ማሳ ከተገደሉበት 36 በመቶ የበለጠ ምርት መስጠቱን አሳይቷል። ምክንያቱ ቀዳዳቸው ውኃ ማስረጉና አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን መጨመሩ ነው። ስንዴና ጥጥ ይለያያሉ፣ ዝናብና መስኖም እንዲሁ። የአሚባራን ማሳ በአውስትራሊያው ቁጥር መለካት አይቻልም፤ እዚያው መቁጠር ነው እንጂ።

የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ፕሮጀክት፣ ኢትዮሲስ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አገሩን አዳርሶ የአፈር ናሙና ሰብስቧል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ሰልፈር፣ ዚንክ፣ ቦሮን ለካ፤ ገበሬው ከዳፕ ወደ ኤንፒኤስና ቅይጥ ማዳበሪያ የተሸጋገረው በዚያ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። በዚያ ሁሉ ናሙና ውስጥ ግን አፈሩ እንደ ዱቄት ተደርቆ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ወደ ላቦራቶሪ ስለሚገባ፣ በሕይወት የነበረው ሁሉ ገና በመንገድ ላይ አልቋል።

መቁጠሩ የሚከብድ አይደለም። በሐሩር አገሮች የአፈር ተመራማሪዎች የሚሠሩበት መንገድ ጎኑ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ መቆፈር ነው። አፈሩ ነጭ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ በጣት እየተፈረፈረ የተገኘው ሁሉ በዓይነት ይቆጠራል። ለደቃቆቹ አፈሩ ወንፊት ባለው ፈንገል ላይ ተደርጎ ከላይ አምፖል ይበራል፤ ሙቀቱንና ብርሃኑን የሚሸሹት ወደ ታች ወርደው አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይወድቃሉ። መነሻውን ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌሴ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የፈጠረው ነው፤ አምፖሉ በኋላ ተጨመረበት፤ ዛሬም አልተሻረም።

ከዚያም የቀለለ፣ ጥጥን በጥጥ የሚፈትን ዘዴ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ ከጥጥ አብቃዮች ጋር፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ደግሞ አግሮስኮፕና የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ1,000 ገደማ በጎ ፈቃደኞች ጋር ንጹሕ የጥጥ የውስጥ ሱሪ ማሳ ውስጥ ቀብረው ከሳምንታት በኋላ አወጡት። ሕይወት ባለበት አፈር ጨርቁ ተበልቶ የወገቡ ላስቲክና ሰው ሠራሽ ስፌቱ ብቻ ይቀራል፤ በደከመ አፈር ታጥቦ የሚለበስ ሆኖ ይወጣል። ሰልባጅ በሞላበት አገር ያረጀ የጥጥ ቲሸርት አይጠፋም። የገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከል ሁሉ ሊያደርገው ይችላል፤ እርጥበቱና የሚቆይበት ጊዜ እኩል መሆን አለበት እንጂ የደረቀን ማሳ ከጠጣ ማሳ ማወዳደር ያሳስታል።

ወደ ቆሼ ጭነት ስንመለስ፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ብስባሽ ወደ አሚባራ መውሰድ ነው» የሚለው ሐሳብ ሁለት ቦታ ይሰናከላል። አንደኛው ጥራቱ ነው። ባትሪው፣ ቀለሙና ፌስታሉ ከጎመኑ ጋር በአንድ ገንዳ ስለሚጣል በረጲ አፈርና ፍሳሽ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አግኝተዋል። የመሬት ትል ካድሚየምን በሰውነቱ ያጠራቅማል፤ ትሉን የሚበላ ወፍና ዶሮም ይወርሰዋል። ከእንዲህ ያለ ክምር የተነፋ ብስባሽ ማሳ ላይ መበተን ቆሼን በትንንሹ ቆርሶ ማከፋፈል ነው። የሚሆነው ከምንጩ ከተለየው ነው፤ ከአትክልት ተራ ከሚወጣው፣ ከጭማቂ ቤቱ፣ ከሆቴሉ። ማዳበሪያ ሲወደድ የግብርና ምርምር ማዕከላት ቀይ ትል እያራቡ ለገበሬው ማከፋፈላቸውና «ቨርሚ ኮምፖስት» የገጠር ቃል እስከመሆን መድረሱ ዕውቀቱ እንዳለ ያሳያል። የጎደለው የከተማውን ንጹሕ ልጣጭ ከትሉ ጋር የሚያገናኝ ሰንሰለት ነው። ባህር ዳርን ጨምሮ በጥቂት ከተሞች ተጀምሯል፤ በአዲስ አበባ ግን ትልቁ ገንዘብ የዋለው ማቃጠል ላይ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ርቀቱ ነው። 280 ኪሎ ሜትር ጭኖ ብስባሽ ማድረስ የነዳጁን ዋጋ አይመልስም። ከከተማው የሚወጣው ብስባሽ ለመናገሻ፣ ለሰበታና ለሆለታ ገበሬ ይቀርባል፤ በትንሹ አቃቂ ዳር ሰላጣና ቆስጣ ለሚያለሙት ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። አሚባራ የራሱን ምግብ እዚያው መፈለግ አለበት፣ እሱም ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ የሚቃጠለው የጥጥ ግንድ ተከትክቶ፣ አዝመራው ሲነሣ ማሳው ላይ ሊግጡ ከሚገቡት የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ፍየሎች ፍግ ጋር ተከምሮ፣ ውኃ እየጠጣና እየተገላበጠ ቢበሰብስ፣ የክምሩ ሙቀት ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይ ግንዱ ውስጥ የተደበቀውን ሮዝ ትል ይገድለዋል። እሳቱ የሚሠራውን ሥራ ሙቀቱ ይሠራል፤ ግንዱም ለአፈሩ ይተርፋል። መከትከቻ ማሽንና የጉልበት ዋጋ ይጠይቃል። ክምሩ በደንብ ካልተገላበጠ ዳር ዳሩ ቀዝቅዞ ትሉ ሊተርፍ ስለሚችል፣ ወረር በራሱ ማሳ ላይ ሳይፈትነው ለሰፋፊ እርሻዎቹ ቢመከር ስሕተት ይሆናል፤ ፈተናው ሲደረግም ከምርቱ ሚዛን ጎን የ25 ሴንቲ ሜትሩ ጉድጓድ ሊቆፈር ይገባል።